ዛፉ የዓባይነህ፣ መሬቱ የባየ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእህቴ ለእትዬ የዓለምዘርፍ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ታገሠሽ ወይስ ገና ደመና ሲያንዣብብ ጀመረሽ? የእማማ ዓይን እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘላት ጠብታ ረዳት ወይስ አሁንም ሰው የምትለየው በድምፁ ነው? ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ደህና ነው? ልጆቻችሁስ? ፋሲካ እንዴት አለፈላችሁ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ወባም አልነካኝም፤ ሆዴም የአገሩን ምግብ ለምዷል። አልቀመጥ ያለኝ ልቤ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬሽ ቀረሁ። በጉን አብረን እንድንገዛ ብለሽ እስከ ዋዜማው ድረስ እንደጠበቅሽኝ ልጅሽ ማህደር ነግራኛለች። በስልክ «ምን ነክቶሽ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ፤ ባይቋረጥም ኖሮ ያን ሁሉ በስልክ አውርቼ አልጨርሰውም ነበር። እዚያ ገጠር ስልክ የሚሠራው ጉብታ ላይ ወጥተው ፊትን ወደ ቴፒ ሲያዞሩ ብቻ ነው። አሁን ሚዛን ተፈሪ ወርጄ አልጋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው። ጥቂት እጽፍና ተነሥቼ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፤ ዝናቡን አይቼ እመለሳለሁ፤ የጻፍኩትን አንብቤ እቀድዳለሁ። ይኼኛውን ግን አልቀድድም ብያለሁ። ዝብርቅርቅ ቢልብሽም ታገሺኝ።

እማማ «ልጄ እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ታደርጋለች?» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ እንደምታስጨንቅ አውቃለሁ። ሥራዬ እንዲህ ነው። ልማት የሚባለው ነገር፣ መንገዱም፣ የቡና እርሻውም፣ የመሬት ልኬታውም፣ ወደ አንድ ቀበሌ ሲገባ ጎረቤትና ጎረቤት በምን እንደሚጋጩ፣ ሳይጋጩም እንዴት እንደሚውሉ አጠናለሁ። ትልልቁን ጦርነት ሌላ ሰው ያጥናው። እኔ የማየው ከብት ማሳ ሲገባ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ፣ ለቅሶ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ገበያ ሲሄዱ ቤቱን ለማን አደራ ብለው እንደሚወጡ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪዬ የምጽፈውም ይኸው ነው።

ያረፍኩት ከሸኮ ከተማ ወደ ቴፒ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ትርፌ ከምትባል ሴት ቤት ነው። ትርፌ በአንቺ ዕድሜ ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እኔ የደሴ ልጅ መሆኔን የሰማች ዕለት እጄን ይዛ አልለቅም አለች፤ ሌላ ቤት ልከራይ ብልም እሺ አላለችኝም። ባሏ ባየም የሰፋሪ ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ ሥራ የማይሰለቸው፣ ቡናውን እንደ ሕፃን የሚንከባከብ ሰው ነው። ይትባረክ የሚባል ጎረምሳ ልጅ አላቸው።

ከባየ ማሳ በላይ፣ ጫካው ከሚጀምርበት፣ ዓባይነህ ይኖራል። ዓባይነህ የአገሩ ተወላጅ፣ ሸኮ ነው። ይህን ስም ያወጣለት አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ መምህሩ ነው፤ ሚስቱ ዓለምሸት ቤት ውስጥ የምትጠራው አባቱ በቋንቋቸው ባወጣለት በሌላ ስም ነው። ኑሮው ንብ ነው። ቀፎዎቹን ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላል፤ ማሩ ሲደርስ በገመድ ወጥቶ ያወርዳል። የዓባይነህ ዛፎች ታዲያ የቆሙት በባየ ቡና ውስጥ ነው። እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። መሬቱ የባየ፣ በላዩ ያሉት ዛፎች የዓባይነህ። ቡናው ጥላ ያገኛል፤ ንቡም የቡናውን አበባ ይቀስማል። ባየ ዛፍ አይቆርጥም፤ ዓባይነህም ማር ሊቆርጥ ሲመጣ ቡናውን አይረግጥም። እንዲህ ሆነው ልጅ ወልደው ልጅ አሳድገዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄያቸው ነበር፤ ያኔ በጥቅምት፣ ገና ምንም ነገር ሳይነሣ። ዓባይነህ እንዲህ አለኝ፦ «የባየ አባት ሰፈራ ጣቢያ ወባ ሲጨርሳቸው ልጆቹን ይዞ ወደ እኛ ሸሸ። አባቴ ከጫካው ሥር ቦታ ሰጠው። ሰጠው ነው የምልሽ፤ አላዋሰውም። ‹ዛፎቼን ብቻ አትንካብኝ› አለው።» ባየ ደግሞ ዛፎቹ ከጥንትም የዓባይነህ አባት ንብረት እንደነበሩ፣ እሱ ለማገዶ እንኳ ቅርንጫፍ ቆርጦባቸው እንደማያውቅ እየሳቀ ነገረኝ። ልብ በይልኝ፤ አንዱ ሲናገር የመሰከረው ለሌላው ነበር። እንደማነጋግረው ሰው ሁሉ ለሁለቱም «ሳትፈቅዱልኝ የነገራችሁኝን ለማንም አልናገርም» ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜ ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነበር።

ከጥምቀት በኋላ የመሬት ልኬታው ደረሰ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ገበሬው አረንጓዴ ደብተር ይይዛል፣ ማንም ተነሥቶ አያፈናቅለውም፣ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል። ትርፌ ለደብተሩ ፎቶ ልትነሣ ሸኮ ድረስ ሄዳ እንደ ሙሽራ ተኩላ ነው የተመለሰችው። ችግሩ አንድ ማሳ በአንድ ቤተሰብ ስም ብቻ መመዝገቡ ነው። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ በገመድ እየለካ የባየ ማሳ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ቀፎዎቹን አየና «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለ። ባየ «የዓባይነህ» አለው። ባለሙያው «እንግዲያው መሬቱ የማን ነው?» አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በዚያ ቀበሌ ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ባለሙያው «ተነጋግራችሁ አስታውቁኝ» ብሎ ማሳውን ሳይመዘግብ አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ሰው እንዴት እንደሚለወጥ ባየሽ። ዓባይነህን «ዛሬ ካላስመዘገብክ ልጆችህ ቀፎ የሚሰቅሉበት አያገኙም፤ መሬቱም የአባትህ ነው» የሚሉት ዘመዶች መጡ። ባየን ደግሞ ጓደኞቹ «የሰው ቀፎ በላዩ እያለ መሬቱ የአንተ አይሆንም» እያሉ ጆሮውን አደነቆሩት። በዚያ ላይ አንድ ባለሀብት ለቡና እርሻ ሰፊ ቦታ እያፈላለገ ነው፣ ክርክር ያለበት መሬት ለእሱ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ፍርሃት ገባ። የሁለቱ ሰዎች የመንገድ ላይ ሰላምታ አጠረ፤ ቀጥሎም ቀረ። እኔ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ ዓይኖች ጀርባዬን ሲከተሉኝ ይሰማኝ ጀመር።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ሰማን። ትርፌ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ አዳመጠችና «ከእኛ ማሳ ነው» አለች። ሁለታችንም ሮጥን። ስንደርስ ይትባረክ ከአንድ ቅጥር ሠራተኛ ጋር ሆኖ ትልቁን ቀረሮ ከግማሽ በላይ ቆርጦታል። አንቺ ቀረሮ አይተሽ አታውቂም፤ ሌላው ዛፍ ከሚያልቅበት ነው የሱ ቅርንጫፍ የሚጀምረው። ትርፌ «ተው ልጄ፣ ተው» ትለዋለች፤ ይትባረክ ላቡን እየጠረገ «አባዬ ያውቃል» ይላታል። ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተነቃነቀ። ቀፎዎቹ ተሰባበሩ። ንቦቹ ግልብጥ ብለው ሲወጡ ራሳችንን ሸፍነን ሸሸን። ማሩ ለመቆረጥ የቀረው ትንሽ ጊዜ ነበር። ዓባይነህ የመጣው ንቦቹ ከሰከኑ በኋላ ነው። ከተሰባበሩት ቀፎዎች አንዱን አንሥቶ አገላበጠው፤ መልሶ አስቀመጠውና ሄደ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የባየ አዳዲስ የቡና ችግኞች በገጀራ ተመንጥረው ተገኙ። የዓባይነህ የወንድም ልጅ ነው ተባለ። ከዚያ አፍ ተከፈተ። «መጤ» የሚለውን ቃል በዚያ ቀበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ ሳምንት ነው፤ ከሰፋሪዎቹም በኩል እዚህ የማልጽፈው ቃል ወጣ። በአንድ እድር አብረው ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰዎች ወደ ገበያ በየራሳቸው መንገድ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ይትባረክና ያ የወንድም ልጅ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተገናኙ። ሲጣሉ አላየሁም። ያየሁት ይትባረክን ክንዱን በነጠላ ጠቅልለው ሲያመጡት ነው፤ ነጠላው ቀልቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ተሰፋለት፤ ጅማቱ ተርፏል አሉን። የዓባይነህን የወንድም ልጅ ፖሊስ ያዘው። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ዋለ። ባየ ጦሩን ከጣሪያው ሥር አውርዶ ከመቀመጫው አጠገብ አቆመው። ትርፌ ብታነሣውም መልሶ ያመጣዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ወንዝ ስወርድ ዓለምሸት ከቡናው መሃል ጠራችኝ። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው። በቅጠል የተከደነች ትንሽ ቅል ሰጠችኝና «ለቁስሉ» አለችኝ። ቀጥላም «ከየት ካሉሽ፣ ገበያ በይ» አለች። ነጭ ማር ነው። ለትርፌ ሰጠኋት። ከፈተችው፤ አሸተተችው፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልጠየቀችኝም። የልጇን ክንድ በየቀኑ እያጠበች ትቀባለት ነበር። ማሩ ሲያልቅ ቅሉን አጥባ ጨው ሞልታ በእጄ አኖረችው፤ ለማን እንደምወስደው አልነገረችኝም። ባየ አጠገባችን ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። እኔም ቅሉን በነጠላዬ ሸሽጌ ሽቅብ ወጣሁ፤ የሚያየኝ ሰው ምን ይለኛል፣ ከየትኛው ወገን ያደርገኛል እያልኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ልመጣ ዕቃዬን ሸክፌ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ በባየና በዓባይነህ ጉዳይ ለምስክርነት እንደተፈለግሁ ነገረኝ። ሁለቱን እንዳነጋገርኩ ሁሉም ያውቃል። የዚያኑ ዕለት ባየ ከማሳ ሲገባ ቆም አለና «ያኔ ስለ ዛፎቹ የነገርኩሽን እርሺው» አለኝ። በማግስቱ ዓባይነህ መንገድ ላይ አስቆመኝና «አባቴ መሬቱን አዋሰው እንጂ ሰጠው አላልኩሽም አይደል?» አለኝ። ሁለቱም ሲናገሩኝ ዓይኔን አላዩም። ጉብታው ላይ ወጥቼ ለአማካሪዬ ደወልኩ። እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው፤ «የምታጠኚያቸው ሰዎች ጠብ ውስጥ አትግቢ፤ ያለሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ» አሉኝ። መውጣት እችል ነበር። አውቶቡሱ በየጠዋቱ ያልፋል። ግን ጠቡ ውስጥ የገቡት እነሱ ብቻ ናቸው ወይስ እኔም ነኝ? ቤታቸው እየበላሁ፣ ቅሉን እያመላለስኩ፣ ከምኑ ነው የምወጣው? ቁጭ ስል መነሣት፣ ስነሣ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ።

ሸንጎው የዋለው በሰሞነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ነው። ወንዶቹ በሁለት ወገን ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ። የወረዳው ባለሙያ ነገሩን አሳጠረው። «ዛሬ ካልተለየ ማሳው የመንግሥት ይዞታ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ እኔ አላውቅም» አለ። የባለሀብቱ ወሬ በሁሉም ልብ ውስጥ ነበር። ባየ ተነሥቶ መሬቱም ዛፉም የእኔ ነው አለ። ዓባይነህ ተነሥቶ መሬቱም ዛፉም የእኔ ነው አለ። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረና «ይቺ ልጅ ሁለቱንም አነጋግራለች። የነገሯትን ትናገርና እንገላገል» አለ።

ተነሣሁ። እትዬ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ እንዲያ አልፈራሁም። ብናገር ሁለቱም የየራሳቸውን ያገኛሉ፣ መሬቱም ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ አገር ሴት ለሴት የምትነግረኝ፣ ሽማግሌ የሚያጫውተኝ ማን ነው? ዝም ብል ደግሞ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። «የነገሩኝን አስታውሳለሁ» አልኩ። «ግን የነገሩኝ እንደማልናገር ቃል ሰጥቻቸው ነው። ከሁለት አንዳቸው ‹ተናገሪ› ብለው ከፈቀዱልኝ፣ የፈቀደልኝን ሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ካልፈቀዱልኝ አልናገርም።» ባለሙያው ተቆጣ። «መንግሥት ሥራ እየሠራ አንቺ ታደናቅፊያለሽ? የያዝሽውን የትብብር ደብዳቤ የሰጠሽ ማን ሆነና ነው?» አለኝ። ባየ አንገቱን አቀረቀረ።

ዓባይነህ ነው የተነሣው። «ልጅቱን ተዋት» አለ ባለሙያውን። «እሷ አትናገር። እኔ አፍ አለኝ።» ከዚያ በቋንቋው ለሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለሁላችንም ተናገረ። «መሬቱን አባቴ ለባየ አባት ሰጥቶታል። በሕይወት ሳለ ሰጠሁት ብሎ ነግሮኛል። አዋሰው ያልኩት ዛፌ ስለተቆረጠ ነው። ሞቶ በተቀበረ ሰው ቃል ላይ አልዋሽም።» ብሎ ተቀመጠ። ከጀርባው ዘመዶቹ አጉረመረሙ። ሁሉም ባየን ያያል። ያን ጊዜ ትርፌ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ «ባየ፣ ዛፎቹስ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እራት ላይ ጨው አቀብለኝ የምትለው ያህል ነበር። ባየ ከአጠገቡ ላለው ሰው እንደሚያወራ ሆኖ መለሰ። «ዛፎቹ የሱ ናቸው። ልጄ የቆረጠውም የሱ ነበር» አለ። ይትባረክ የታሰረ ክንዱን እንደያዘ ተነሥቶ ከሸንጎው ወጣ።

ይህን ስሰማ እፎይ ያልኩ ይመስልሻል። ባለሙያው ግን አሁንም ማሳው በሁለት ሰው አይመዘገብም አለ። ዛፍ የብቻው፣ መሬት የብቻው የሚባል ነገር በደንቡ የለም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩና ማሳው ለሁለት እንዲከፈል ተስማሙ፤ ዛፎቹ በርከት ያሉበት ላይኛው በዓባይነህና በዓለምሸት ስም፣ ታችኛው በባየና በትርፌ ስም። ልኬታው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተባለ። ሁለቱም ሰዎች ለየብቻ መጥተው «ሲለካ ቁሚልን» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ፋሲካን ከእናንተ ጋር ያላሳለፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። የፋሲካ ለት ከነትርፌ ጋር ፈሰክሁ፤ አንቺ እኔን ስትጠብቂ ግን ይታየኝ ነበር።

ተለካ። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተቀበረ። ባየ ይትባረክን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ዓባይነህን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹም አብረው አበሏቸው። ለተሰባበሩት ቀፎዎች ካሣ እንዲሆን ባየ የወደቀውን ቀረሮ ፈልጦ እንጨቱን ሰጠው። የወንድምየው ልጅ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ እስካሁን እንደታሰረ ነው፤ እነ ባየ ክሱን ትተናል ቢሉም ዓቃቤ ሕጉ አልተወውም። ይትባረክ ክንዱ ድኗል፤ ከቤት ጠፍቶ ቴፒ ቡና እርሻ ገብቷል አሉ። ባለሙያው ሪፖርቱ ላይ «ግጭቱ በሰላም ተፈቷል» ብሎ እንደጻፈ ደስ ብሎት ነገረኝ።

እኔን ዕረፍት የነሣኝ ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ተፈቷል። ጦሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰው ገበያ አብሮ ይሄዳል። ግን ዓባይነህ ከእንግዲህ የባየ ማሳ የሚገባበት ጉዳይ የለውም፤ ባየም የዓባይነህን ዛፍ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ቀድሞ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም ነበር፤ አሁን ይሆንለታል። ባየ በላይኛው በኩል የቀሩትን የራሱን ቡናዎች ነቅሎ አወረደ፤ ዓባይነህም ታች ከቀሩት ዛፎች ቀፎዎቹን አወረደ። ሁለቱም ሲሠሩ ተጨዋውተዋል፤ ተሳስቀዋል። እኔ ግን ቆሜ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ሰላም ይህ ከሆነ፣ ያ የፊተኛው ስሙ ማን ነበር? መጽሐፉ ውስጥ ምን ብዬ ልጻፈው? አማካሪዬ «ምዕራፉን ላኪልኝ» ይሉኛል፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እጽፍና እሰርዘዋለሁ።

ከመንደሩ ልወጣ ባለሁበት ሳምንት ባየ ድንበሩን አጥር ማጠር ጀመረ። ከብት እንዳይገባ ነው አለ፤ ልክ ነው። ከታች ጀምሮ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እንጨት እያቆመ ወደ ላይ መጣ። ትርፌና ዓለምሸት ወንዝ ሲወርዱ የሚገናኙባት ቀጭን መንገድ ድንበሩን የምታቋርጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትርፌ እንስራዋን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቀጣዩ ጉድጓድ ሊቆፈር የነበረበት ላይ። «ተነሽ እንጂ» አላት። «ደክሞኛል» አለችው። «ሌላ ቦታ ተቀመጪ።» «እዚህ ይመቸኛል» አለች። ባየ ዶማውን እንደያዘ ቆየ። እኔን አየኝ፤ እሷን አየ። ከዚያ ትቷት አለፈና ከወዲያኛው በኩል ቆፈረ። ወደ ሚዛን ተፈሪ በመጣሁበት ዕለት አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ደርሷል፤ ያቺ ቦታ ግን ባዶ ናት። በር ልሠራላት ነው ይላል ባየ። ትርፌ በር አልፈልግም፣ በር ይዘጋል ትላለች። ነገሩ አላለቀም።

እዚህ የመጣሁት የትብብር ደብዳቤዬን ላሳድስ ነው። ባለሙያው ስላማረረብኝ ዞን መፍቀድ አለበት አሉኝ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ይሉኛል፤ ከሰዓት እሄዳለሁ፣ መስክ ወጥተዋል ይሉኛል። ፀሐፊዋ ስላወቀችኝ ወንበር ትስብልኛለች፤ እኔ ግን ቆሜ መጠበቅ ይቀለኛል። እንደሚፈቅዱልኝ ተስፋ አለኝ።

አሁን ለመጻፍ የፈራሁት ላይ ደረስኩ። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ደሴ ያፈላለገልኝን የማስተማር ሥራ ጉዳይ ነው። እስከ ሰኔ መልስ ይፈልጋሉ ብለሽኛል። ለእማማ ቅርብ እንደምሆን፣ አንቺም ብቻሽን እሷን ከመደገፍ እንደምታርፊ ሳስብ እሺ ለማለት እነሣለሁ። በሰኔ እመጣለሁ፤ እማማን ለዓይን ሕክምናው አዲስ አበባ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ይህን አንቺ አትሸከሚውም። ክረምቱን ከእናንተ ጋር እሆናለሁ፤ የማታው ተራ የእኔ ይሆናል፣ አንቺ ወገብሽን ታሳርፊያለሽ። ሥራውን ግን ለሌላ ሰው ይስጡት በይልኝ። መስከረም ሲጠባ ወደዚህ እመለሳለሁ። ደብዳቤ ባይሰጡኝ የትርፌ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። መጽሐፉን ከዚያ አጥር ርቄ ልጨርሰው አልችልም፤ ሰዎቹ ሳይጨርሱ እኔ ጨረስኩ ማለት አይሆንልኝም። እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪኝ፤ ግን አትዘኚብኝ።

ጋሼ ኃይለጊዮርጊስን ለድካሙ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስላሳፈርኩት ቢቀየመኝም መብቱ ነው በይልኝ። ማህደርን ሳሚልኝ፤ ለፈተናው ትበርታ፣ ውጤቷን ራሷ ትንገረኝ። ትንሿ ሳባ ስለ ጫካው ዝንጀሮ ጠይቃኝ ነበር፤ በዝንጀሮ ፋንታ ጉሬዛ አየሁላት፤ ነጭ ካባ የለበሰ ነው፣ ሲዘል ካባው ይበተናል በያት። ባለሱቁ ናስር ለእማማ መድኃኒት ስለሚያመጣላት አመስግኚልኝ፤ እናቱንም ሰላም በይልኝ። ትርፌ እንዳልረሳ አስምላኛለችና እሷም ሰላም ብላሻለች፤ «እህትሽን ለፋሲካ የነጠቅኋት እኔ ነኝ፣ ለክረምቱ እመልስላታለሁ» ትላለች።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስታነቢላት የዛፉን አወዳደቅና የይትባረክን ክንድ እለፊው፤ ሌላውን ሁሉ አንብቢላት። ልጅሽ ሰው መሃል ናት፣ ብቻዋን አይደለችም በያት።

እህትሽ ህሊና አስረስ

ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.